ቡና ጠጥተው ነው የመጡት?

ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገና አልሞላም፤ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ግን ጥጉን ታጥፎ እስከ ግቢው በር ደርሷል። ለገዳዲ ደጋ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ የደረበ አለ፣ ሁለት ሹራብ የለበሰ አለ፣ ልጇን አዝላ በፎጣ የሸፈነች አለች። ከሰልፉ መካከል የቆሙ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቋጥራሉ። ቋጠሮው ውስጥ ጥቂት ብር፣ መታወቂያቸውና አንድ የተጨማደደ ነገር አለ።

«አዲስ ነዎት?» ይላል ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት፣ ቀና ሳይል።

«ኧረ እኔ አዲስ አይደለሁም። ካርድ አለኝ፤ አዲስ አበባ ነው ያለው።»

«እዚህ ከሌለዎት አዲስ ነዎት፣ እማማ። ስም ከነአያት?»

የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ይሰጣሉ። ዕድሜ ሲጠየቁ ግን ትንሽ ይቆማሉ። «አብዮቱ ሲፈነዳ ከብት እጠብቅ ነበር» ይላሉ በመጨረሻ። ወጣቱ ከ66 ጀምሮ በልቡ ቆጥሮ 60 ብሎ ይጽፋል። ከኋላቸው ያለችው ሴት ትስቃለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን አጭር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ግፊት እንደሚለኩ ያውቃሉ።

እኚህ እናት በዚህ ጽሑፍ ስም አልወጣላቸውም፤ አንድ ሰው ብቻ አይደሉምና። ለገዳዲም ሆነ ሰበታ፣ ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት የተቀመጠ ሰው ያገኛቸዋል።

በእኛ አገር ሰው ሐኪም ዘንድ አይመዘገብም፤ ካርድ ያወጣል። ካርዱ ደግሞ የሚከፈተው በጤና ተቋሙ እንጂ በሐኪሙ ስም አይደለም። ዛሬ በሽተኛውን ያየው ጤና መኮንን ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉ ግን መደርደሪያው ላይ ይጠብቃል፣ ከተገኘ። አንድን ቤተሰብ ከሕፃን እስከ አያት ለዓመታት የሚከታተል የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው ሙያ ራሱ ለአገሩ ገና ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ ሰፈር የቀየረ ሰው ታሪኩን ትቶ ይመጣል። ለዓመታት የተለካው ግፊት፣ እግር ያሳበጠው ኪኒን፣ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ የወረደው ስኳር፣ ሁሉም እዚያው አቧራ ይጠጣል። አዲሱ ጤና ጣቢያ ባዶ ወረቀት ይከፍታል።

የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ደግሞ የተዛዋሪ አገር ናቸው። ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላንና ፉሪ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ፤ ሰዉ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ኪራይ ሲወደድበት፣ ልጁ ጋ ሲጠጋ፣ ቤት ሠርቶ ሲገባ ወደ እነዚህ ከተሞች ሲጎርፍ ኖሯል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ አገር ያዳረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አባሉን ከሚኖርበት ቦታ ጋር ያስተሳስረዋል፤ መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። አካሄዱ ለአሠራር ይመቻል። ትናንት የተዛወረ ሰው ግን ከመታወቂያው ጀምሮ እንደ አዲስ መወለድ አለበት።

እናትየዋ ካርዳቸውን ይዘው የገቡበት ትሪያጅ፣ ማለትም የቅድመ ምርመራ ክፍል፣ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የቁመት መለኪያ፣ በሩ ላይ ደግሞ አንገታቸውን አስግገው ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት ሰዎች።

«እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ፣ እማዬ» ትላለች ነርሷ። ሹራቡ ወደ ላይ ሲጠቀለል ክንዳቸው ላይ እንደ ገመድ ይጠብቃል። ማሰሪያው ከሥሩ ይጠመጠማል። ማሽኑ እየነፋ ሳለ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ትላለች፤ እሳቸውም እየተለኩ ይመልሳሉ፤ ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው፣ ሌሊት ልባቸው ድው ድው እንደሚል፣ ጨጓራም እንዳለባቸው። እግራቸው መሬት አልነካም፤ ወንበሩ ከፍ ይላል። ማሽኑ ተነፈሰ። 168 በ98።

«ከፍ ብሏል» አለች ነርሷ።

ሁለት ቃል ናት። የእናትየዋ ጆሮ ስትደርስ ግን ረዝማለች። ማታ ራቱን በልቶ የተኛው፣ ጠዋት አፉ ተጣሞ የተገኘው የቀድሞ ጎረቤታቸው መጣባቸው። «ግፊት ጣለው» ተብሎ ነበር የተለቀሰው። እጃቸው ቀዘቀዘ። በዚያች ሰዓት ድጋሚ ቢለኩ ቁጥሩ ከፍ ይል እንደሁ እንጂ አይወርድም።

ከዚያ 168 ውስጥ የእሳቸው ስንቱ ነው? ስንቱስ የሰልፉ፣ የፍርሃቱ፣ የሹራቡና የወሬው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ክንድ ላይ በሚጠመጠም ማሰሪያ ግፊት የሚለካበትን መንገድ ሲያሳውቅ፣ የተለካው ሰው መደንገጥ ቁጥሩን እንደሚያንረው ያኔውኑ ልብ ብሎ ነበር። በመለኪያ ያሳየው ግን ሌላው ጣሊያናዊ ጁሴፔ ማንቺያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ላንሴት ላይ በታተመው ጥናቱ እሱና ባልደረቦቹ የ48 ሰዎችን ግፊት ደም ሥራቸው ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ ቀንና ሌሊት ተከታተሉ፤ ማሽኑ ሳያቋርጥ ይመዘግባል፣ በመካከል ሐኪም ይገባል። ሐኪሙ በገባ በመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ውስጥ የሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ግፊታቸው ዘለለ፤ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ27፣ የታችኛው በ15 ገደማ። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ እያለ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ግን አብዛኛው ወርዶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቡድን ሐኪሙን በነርስ ተክቶ ሞከረው፤ ዝላዩ ወደ ግማሽ ወረደ። ሰውነታችን ማን እንደገባ ያውቃል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ «የነጭ ጋወን ግፊት» የሚል ስም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ፒከሪንግ ክሊኒክ ውስጥ ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ መድኃኒት ያልጀመሩ 292 ሰዎችን ቤታቸውና ሥራቸው ድረስ ተከታትሎ ሲለካ፣ ከአምስቱ የአንዱ ያህል ግፊት ከክሊኒክ ውጭ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የአራቱ ግፊት ግን እውነተኛ ነበር ማለት ነው። ጎረቤት ሰምቶ «ድንጋጤ ነው፣ ተወው» የሚለው ሰው ይህችን ሁለተኛዋን ግማሽ ይዘላታል።

ድንጋጤ በሌለበትም ቁጥሩን የሚያሳስት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰው እያወራ ሲለካ የላይኛው ቁጥር በአሥር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ሽንት የያዘ ሰውም ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሁለት ሰዓት ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ተራዬ ያልፈኛል ብሎ ሽንት ቤት አይሄድም። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ማሰሪያ፣ ያልተደገፈ ጀርባ፣ የተንጠለጠለ እግር፣ የተንጠለጠለ ክንድ፣ ሁሉም የየድርሻውን ያዋጣል። ሱሉልታና ለገዳዲ ላይ የሹራቡ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በዚያ ብርድ ሦስት ልብስ ደርቦ የመጣን ሰው አውልቅ ማለት፣ በተለይ በሩ ክፍት ሆኖ አራት ሰው እያየ፣ ከባድ ነው፤ ስለዚህ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ወይም በሹራቡ ላይ ይለካል።

ቡናም አለ። ከመለካት በፊት ሠላሳ ደቂቃ ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አይጨስም፣ ጉልበት አይሠራም ይላል መመሪያው። አቦልን ሳይጠጣ ከቤት የሚወጣ የስልሳ ዓመት ሰው ፈልጎ ማግኘት ግን ለመመሪያው ጸሐፊ የተተወ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አምስት ደቂቃ። ጀርባን ደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ዝም ብሎ አምስት ደቂቃ መቀመጥ። ከዚያ ሁለት ጊዜ መለካት፣ በሌላ ቀን ደግሞ መድገም። ቁጥሩ አደገኛ ደረጃ ካልደረሰ በቀር፣ ማለትም 180 በ110ና ከዚያ በላይ ካልሆነ፣ በአንድ ቀን ልኬት «የግፊት በሽተኛ ነዎት» አይባልም፤ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን መደገም አለበት። ሰማንያ ሰው ተሰልፎ ነርሷ አንድ ብቻ ስትሆን ያቺ አምስት ደቂቃ የት ትገኛለች የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ ወንበር ነው፤ ሰልፉን ከቆመበት አስቀምጦ፣ ተራ የደረሳቸውን ሦስት ሰዎች ከክፍሉ ደጅ በዝምታ ማሳረፍ። ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ባለቤት ስለሌለው ነው።

ለገዳዲን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃት በውሃዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው ግድብ ከዚህ ተነሥቶ ዋና ከተማዋን ያጠጣል። ውሃው ከማጣሪያው ሳይወጣ ድፍርስነቱና ክሎሪኑ በየዕለቱ ይለካል። የሚጠጣው ሰው ግን አርባ ዓመት ሳይለካ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ከ15 እስከ 69 ዓመት ባለው ሕዝብ ላይ ያካሄደው ትልቅ ጥናት 9,800 ያህል ሰዎችን አካትቶ ነበር፤ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ተገኘባቸው። ከእነዚህ መድኃኒት ላይ የነበሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ግፊት አይቆርጥም፣ አያሳክክም፣ አያስልም። ተለክቶ ካልተገኘ የሚታወቀው አፍ ሲጣመም ነው።

ታዲያ ሰው ለምን አይለካም፣ ለምንስ አይመረመርም? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ለምን ይደብቃል?

አንደኛው ምክንያት ትዝታ ነው። አሁን ስልሳ የደረሰ ሰው ወጣት ሳለ «ደም ስጥ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005። በመካከል ያሉት ወደ ሃያ የሚጠጉ ዓመታት ውጤቱን ማወቅ ማለት ሞትን በቀጠሮ መጠበቅ የነበረባቸው ናቸው። ዛሬ ኪኒኑን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ልጅ ወልዶ፣ ሠርግ ደግሶ ይኖራል፤ ላብራቶሪ በር ላይ የሚይዘው ብርክ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል። ለስኳር ምርመራ ጣቱን የሚወጋ ሽማግሌ «ሌላም ነገር ታያላችሁ?» ብሎ ቀስ ብሎ ሲጠይቅ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ባለሙያው ያውቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥያቄው ነው። አዲስ ካርድ ያወጣ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለንስሐ አባቱ በአሥር ዓመት የማይነግረውን ይጠየቃል። ይጠጣሉ? ጫት ይቅማሉ? ያጨሳሉ? ቤተሰብ ውስጥ ስኳር፣ ግፊት፣ የአእምሮ ሕመም አለ? ባለቤትዎ ከሌላ ጋር ይገናኛሉ? በሩ ገርበብ ብሎ፣ ውጭ የጎረቤት ልጅ ተቀምጦ። መልሱ «የለም» ነው፤ ለሁሉም «የለም»። ካርዱ ላይም «የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐኪም ሁሉ ያንን «የለም» እያነበበ ያክማል። በነዚህ ከተሞች ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል። በኦሮምኛ ሕመሙን አሳምሮ የሚናገር ገበሬ ባለሙያው ኦሮምኛ ካልሰማ አማርኛው «ያመኛል» ላይ ይቆማል፤ ከአማርኛ ተናጋሪ ሰፈር የተዛወረ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይቸገራል። መካከል ገብታ የምታስተረጉመው ልጅ ከሆነች፣ እናቷ የማሕፀን ነገር እንደማትናገር የታወቀ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይምሰል። እንግሊዝ አገር የሚኖር ሐበሻ ሰፈር በቀየረ ቁጥር አዲስ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ ደንቡ መታወቂያም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቀውም፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብትም አለው። ከ40 እስከ 74 ዓመት ከሆነውና የታወቀ የልብ፣ የስኳርና መሰል ሕመም ከሌለበት በየአምስት ዓመቱ ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን እንዲታይ ደብዳቤ ይደርሰዋል። እንዲያም ሆኖ ፎርሙ ላይ በሳምንት ስንት ዩኒት አልኮል ትጠጣለህ የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። አንድ ብርሌ ጠጅ ስንት ዩኒት ነው? የክርስትናው ጠላስ ይቆጠራል? ደግሞስ ይህን የሚያነበው ማን ነው፤ ሐኪሙ ወይስ ኢሚግሬሽን? ሐበሻው ዜሮ ብሎ ጽፎ ይወጣል። ለገዳዲ ላይ «የለም»፣ ለንደን ላይ ዜሮ። አንዱ ልዩነት የእንግሊዙ ፋይል ወደ አዲሱ ሐኪም ተከትሎት መሄዱ ነው።

እኛ ጋ ለዚህ የሚቀርበው ሙከራ ከቤት ይጀምራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ40 ሺህ የማያንሱ ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ በጤና ኬላ የሚቀመጠው ፋይልም በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ የተከፈተ ማኅደር ነው። በከተማ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራውን ነርሶች ያዙት። ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ግፊት ስትለካ ሰውዬው በገዛ ወንበሩ ተቀምጧል፤ ነጭ ጋወን ያለበት ክፍል የለም፣ ሰልፍ የለም። ልኬቷ ለእውነት የቀረበ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ችግሩ እዚህም ያው ነው፤ ቤተሰቡ ሰፈር ሲለቅ ማኅደሩ አብሮ ጋሪ ላይ አይጫንም።

እናትየዋ ከትሪያጅ ወጥተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ ናት ያስቀመጠቻቸው፤ «አይደንግጡ፣ ትንሽ አርፈው እንደገና እለካዎታለሁ» ብላ። «እንደገና» የምትለዋ ቃል ትንሽ አረጋጋቻቸው። ሹራቡን አወለቁ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱ።

«እማዬ፣ ቡና ጠጥተው ነው የመጡት?»

«አቦሉን ብቻ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ቶናውንም።»

148 በ92። ከመጀመሪያው በ20 ወርዷል፤ ግን 148 ደግሞ ትንሽ አይደለም። ቀጠሮ ትጽፍላቸው ጀመር። እሳቸው ቀጠሮዋን ሊያስገቡ የነጠላቸውን ጫፍ ሲፈቱ፣ ከብሩና ከመታወቂያው መካከል ያ የተጨማደደው ነገር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ነው። ነርሷ አነሣችው፣ ወደ መስኮቱ አዞረችና አነበበች፤ አምሎዲፒን፣ 5 ሚሊግራም። በአገሪቱ ጤና ጣቢያዎች ለግፊት ከሚታዘዙት የተለመደው መድኃኒት ነው።

«ይሄን ይወስዱ ነበር?»

«ሦስት ዓመት። ልጄ ጋ ስመጣ አለቀብኝ። ሁለት ወር ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«አዲስ ነዎት ተባልኩ እንጂ» አሉ እናትየዋ፣ «ማን ጠየቀኝ?»

ነርሷ መልስ አልሰጠችም። ካርዱን መልሳ ከፈተች፤ «የቀድሞ መድኃኒት» ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ የነበረውን መስመር ሞላች፤ ዛሬውኑ ጤና መኮንኑ እንዲያያቸው ወደ 3 ቁጥር ክፍል ላከቻቸው። ማሸጊያውን ስትመልስላቸው እንዳይጥሉት ነገረቻቸው። እናትየዋ ከመታወቂያቸው ጋር አድርገው ቋጠሩት፣ አጥብቀው።

የ3 ቁጥር በር ላይ ሌላ ሰልፍ አለ። ይህኛው ግን አግዳሚ አለው።